ከአዲሱ ማኅተም ሥር የቀረው ፊት

ገንዘብ ማለት በማኅተም የተመታ ማዕድን ነው። ማኅተሙን የሚመታው ብዙውን ጊዜ መንግሥት ነው፤ አንዳንድ ጊዜ ግን ነጋዴ ይሆናል። ከዚህም አልፎ በአንድ ንጉሥ ስም ታትሞ የወጣ ብር ድንበር ተሻግሮ በሌላ አገር፣ በሌላ ሰው ማኅተም እንደገና የሚታተምበት ጊዜ አለ። እንዲህ ሲሆን አሮጌው ምስል ጨርሶ አይጠፋም። ማተሚያው ሁለተኛ ጊዜ ሲያርፍ በደንብ ያልጨፈለቀው ቦታ ይቀራል፤ በአዲሱ ጽሑፍ መካከል የአሮጌው ንጉሥ አፍንጫ፣ የንስር ክንፍ ወይም የዓመተ ምሕረት ቁጥር ብቅ ይላል። በአውሮፓና በአሜሪካ እንዲህ ያለውን ገንዘብ እየፈለጉ የሚሰበስቡ ሰዎች አሉ። ከላይ ካለው ማኅተም ይልቅ ከሥር የቀረው ስለሚስባቸው በአጉሊ መነጽር ሲመረምሩት ይውላሉ።

ነገሩ የሥራ ፈት ጨዋታ ሊመስል ይችላል። ውድ አንባቢያን፣ እኔ ግን ለዚህች በእጅ ለምትጻፍ መጽሔታችን ርእስ አድርጌ የመረጥኩት ነገሩ ከእኛው ሣጥንና ከእናቶቻችን አንገት የራቀ ሆኖ ስላላገኘሁት ነው። ዓመቶቹን በእኛ አቆጣጠር ስጽፍ ዓ.ም.፣ በአውሮፓ ስጽፍ እ.ኤ.አ. እላለሁ።

በመጀመሪያ ሰብሳቢዎቹ ስለበዙባት ስለ አሜሪካ ጥቂት ልበል። አሜሪካ ከእንግሊዝ ስትላቀቅ የራሷ በቂ ገንዘብ አልነበራትም። በገበያዋ የሚዘዋወረው በሜክሲኮና በፔሩ የሚታተመው የስፓኝ ብር ነበር፤ ይኸው ብር እስከ እ.ኤ.አ. 1857 ድረስ በአሜሪካ ሕጋዊ ገንዘብ ሆኖ ቆይቷል። ዝርዝር ሲጠፋ ነጋዴው በሱቁ ስም መዳብ እያሳተመ ይበትን ነበር። ታልቦት፣ አለምና ሊ የተባሉ የኒው ዮርክ ነጋዴዎች እ.ኤ.አ. በ1794 እና በ1795 መርከብ የተቀረጸበት መዳብ በእንግሊዝ አገር በበርሚንግሃም አሳትመው አስመጡ። የሚያስቀው ቀጥሎ የሆነው ነው። የአሜሪካ መንግሥት ማተሚያ ቤት ራሱ መዳብ ቸግሮት ስለነበር የእነዚህን ነጋዴዎች መዳብ ገዝቶ፣ ቆርጦ አሳንሶ፣ በላዩ የመንግሥት ግማሽ ሳንቲም አተመበት። ስለዚህ የ1795 እና የ1797 አንዳንድ ግማሽ ሳንቲሞች በጥንቃቄ ሲታዩ ከመንግሥቱ ማኅተም ሥር የነጋዴዎቹ ፊደል ይነበባል። መንግሥት በነጋዴ ላይ ተጻፈ ማለት ነው።

ሌሎች ነጋዴዎች ደግሞ ይህን ያህል አልደከሙም። እጃቸው ላይ የገባውን ብር ሁሉ በትንሽ ማኅተም ስማቸውን መትተው ወደ ገበያ ይመልሱት ነበር። የባልቲሞሩ መድኃኒት ሻጭ ያኮብ ሃውክ እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ የመድኃኒቱን ስም እንዲህ አስተዋውቋል። ጋዜጣ ለአንድ ቀን ይነበባል፤ ብር ግን ማንም አይጥለውም። ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ማስታወቂያውም አብሮ ይዞራል።

እንግሊዞችም በዚህ ሥራ አልቦዘኑም። እ.ኤ.አ. በ1804 የእንግሊዝ ባንክ በስፓኝ ብር ላይ የራሱን ምስል አተመ። እ.ኤ.አ. በ1813 ደግሞ የአውስትራሊያው አገረ ገዥ ማክዋሪ 40,000 የስፓኝ ብር አስመጥቶ መካከሉን አስበሳውና ዙሪያውን እንደ አንድ ገንዘብ፣ ከመካከል የወጣውን ክብ እንደ ሌላ ገንዘብ አድርጎ አወጣው። ብሩ ከቅኝ ግዛቱ በመርከብ እየወጣ ስላስቸገረው ነው። የተበሳ ብር ሌላ አገር አይወሰድምና።

አሁን ወደ ቀይ ባሕር እንመለስ። በእኛ በኩል የስፓኙን ብር ቦታ የያዘው ጠገራ ብር ነው። የኦስትሪያ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ የሞተችው እ.ኤ.አ. በ1780 ነው። ከዚያ ወዲህ ብሩ ስንት መቶ ጊዜ ቢታተም ዓመቱ 1780 እንደሆነ ቀረ፤ ነጋዴው ሌላ ቁጥር አልቀበልም ስላለ ነው። ክብደቱ 28 ግራም ያህል ሲሆን ከ6 እጅ 5ቱ ጥሩ ብር ነው። ከደረቷ ሥር ያሉት ኤስና ኤፍ የተባሉ ሁለት ፊደሎች በጊዩንስቡርግ ማተሚያ ቤት የነበሩ የሁለት ሹማምንት ስም መነሻ ናቸው። ሰዎቹ ከሞቱ በኋላ በሮም፣ በለንደንና በቦምቤይ ሳይቀር ፊደላቸው ሲታተም ኖረ። በጠርዙ ዙሪያ ጎላ ብሎ የተጻፈው ላቲን «ፍትሕና ምሕረት» ማለት ነው። ይህን ስንቱ ባላገር ሳያውቅ በጣቱ ሲዳስሰው እንደኖረ ሳስብ ይገርመኛል።

ባላገሩ ማንበብ ባይችልም መመርመር ግን ያውቅ ነበር። የዘውዷን ዕንቁ ይቆጥራል፤ በትከሻዋ ያለውን ጌጥ ያያል፤ ድንጋይ ላይ ጥሎ ድምፁን ያዳምጣል። ያረጀውንና የተፋቀውን አይቀበልም። ይህን የውጭ አገር ተጓዦች እንደ ድንቁርና ቆጥረው ጽፈውታል። ለእኔ ግን ድንቁርና አይደለም። የራሱ ዳኛ ያልነበረው ገበያ ዓይኑን ዳኛ አድርጎ ነበር። ደግሞም ጠገራው ገንዘብ ብቻ ሳይሆን ሚዛንም ነበር። አንድ ወቄት ማለት የአንድ ብር ክብደት ነው፤ ወርቅም ሌላው ውድ ነገርም በብር ይመዘን ነበር። የብሩን መልክ የለወጠ ሰው የገበያውን ሚዛን ነካ ማለት ነው።

የብሩ ብዛት ምን ያህል እንደነበረ ለመገመት አንድ ምሳሌ ይበቃል። እንግሊዞች በ1860 ዓ.ም. አፄ ቴዎድሮስን ሊወጉ ወደ መቅደላ ሲዘምቱ ለስንቅና ለአጋሰስ መክፈያ ከ4 ሚሊዮን በላይ ጠገራ ብር ይዘው ነበር። ሌላ ገንዘብ የሚቀበላቸው አልነበረም።

ዝርዝሩ ግን አስቸጋሪ ነበር። አንድ ብር ለአንድ እፍኝ በርበሬ መግዣ ምን ይሆናል? ለዝርዝር አሞሌ ጨው ነበር፤ ከአፋር ምድር በራቀ መጠን እየተወደደ ይሄዳል። በኋላም የጠመንጃ ጥይት እንደ ዝርዝር ተቆጥሯል። ሐረር የራሷ አሚሮች የሚያሳትሙት መሐለቅ ነበራት። አዲስ አበባ ከተቆረቆረች በኋላ ደግሞ ማግዳሊኖስ ወንድማማቾችንና ትሮሃሊስን የመሳሰሉ የግሪክ ነጋዴዎች እንደ ኒው ዮርኮቹ የየራሳቸውን ስም ያለበት ምልክት አወጡ። ያ ምልክት የሚሠራው ያወጣው ነጋዴ ሱቁን እስካልዘጋ ድረስ ነው።

አፄ ምኒልክ ጠገራውን ለመተካት ሲነሡ በላዩ ማኅተም አላሳረፉም። በ1887 ዓ.ም. ዘመን የተጻፈበትን የራሳቸውን ብር በፓሪስ አሳተሙ። ክብደቱ ከጠገራው ጋር እንዲተካከል ተደርጎ ነበር። በአንድ ፊት ንጉሠ ነገሥቱ ዘውድ ደፍተው፣ በሌላው ፊት ባንዲራ የያዘ አንበሳ ተቀርጾበታል። አላድ፣ ሩብ፣ ተሙንና መሐለቅም አብረው ወጡ። ለእኔ ከእነዚህ ሁሉ የሚያምር ገንዘብ በአፍሪካ አልታተመም፤ ይህን የምለው ግን መምህር ሆኜ ሳይሆን ኢትዮጵያዊ ሆኜ ነው። ባላገሩ ትናንሾቹን ወደዳቸው፤ ችግሩን አቃለሉለትና። ትልቁን ብር ግን ከከተማ ሲርቅ በቅናሽ እንጂ በእኩል አልተቀበለውም። አድዋ ላይ ለንጉሡ ሊሞት የወጣው ገበሬ በገበያ ቀን የንጉሡን ብር ትቶ የሞተችውን ኦስትሪያዊት መረጠ። ይህ ክህደት አይደለም። በንጉሡና በገንዘቡ መካከል ያለውን ልዩነት ማወቅ ነው።

ኢጣሊያኖችም ሞክረው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1890 የንጉሥ ኡምቤርቶን ምስል የያዘ ብር ለኤርትራ አሳተሙ፤ ወደ መሐል አገር ሲገባ አልተወደደም። እ.ኤ.አ. በ1918 ደግሞ ማሪያ ቴሬዛን የምትመስል ሴት ቀርጸው ላኩ። የገበያው ዓይን አሁንም ለየው። በመጨረሻ ገብቷቸው እ.ኤ.አ. በ1935፣ አገራችንን በሚወሩበት ዓመት፣ የማተሚያውን ቅርጽ ከኦስትሪያ ተቀብለው እውነተኛውን ጠገራ ሮም ውስጥ ያትሙ ጀመር። እንግሊዞችም በበኩላቸው በዓመቱ የራሳቸውን ቅርጽ ሠርተው ለንደን ላይ ማተም ያዙ። የሞተች ንግሥት በሁለት ባላንጣዎች እጅ፣ በአንድ መልክ ታተመች።

የሱዳን ምድር እዚህ ታሪክ ውስጥ የሚገባው በሁለት በር ነው። የመጀመሪያው በር ካርቱም ናት። አፄ ኃይለ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በ1940 ካርቱም ሲመጡ የኮሎኔል ሳንድፎርድ ቡድን ወደ ጎጃም ገብቶ ከአርበኞች ጋር መገናኘት ጀመረ። ከጠመንጃው ጋር በግመል የተጫነው ጠገራ ብር ነበር። አርበኛው በኢጣሊያ ሊሬ አይገዛም፤ በወረቀትም አያምንም። ንጉሠ ነገሥቱ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. በኡም ኢድላ ድንበሩን ሲሻገሩ ይህ ብር ቀድሟቸው ገብቶ ነበር። በዚያው ጦርነት ምክንያት ቦምቤይ ላይ ወደ 19 ሚሊዮን የሚደርስ ጠገራ ታትሟል። በአያቶቻችን እንሥራ ውስጥ ተቀብሮ የተገኘው «የጥንት» ብር ከዚያ አንዱ ቢሆን አያስደንቅም።

ሁለተኛው በር ከዚህ 50 ዓመት በፊት ያለው የመሐዲ ዘመን ነው። ጄኔራል ጎርደን በካርቱም ተከብቦ ሳለ እ.ኤ.አ. በ1884 የወረቀት ገንዘብ አወጣ። ከተማዋ እ.ኤ.አ. ጃንዩወሪ 26 ቀን 1885 ስትወድቅ መሐዲው የተማረከውን ወርቅና ብር አስቀልጦ የራሱን ገንዘብ አሳተመ። እርሱ በዚያው ዓመት ሞተ። ተተኪው ኸሊፋ አብዱላሂ፣ በ1881 ዓ.ም. ሠራዊቱ መተማ ላይ ከአፄ ዮሐንስ ጋር የተዋጋው፣ ኦምዱርማን ላይ ማሳተሙን ቀጠለ። በየጊዜው ብሩ እየቀነሰ፣ መዳቡ እየበዛ ሄደ። ከእነዚህ አንዱ ዓይነት ላይ «መቅቡል» የሚል ቃል ታትሞበታል፤ ተቀባይነት ያለው ማለት ነው። ገበያው ቢቀበለው ኖሮ ቃሉን መጻፍ ባላስፈለገ ነበር።

አሁን በርእሳችን ወደተጠቀሰው፣ ከማኅተም ሥር ወደ ቀረው ፊት ልመለስ። ጠገራውን ሳያቀልጡ በላዩ ያተሙ መንግሥታትም ነበሩ። ፖርቹጋሎች እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ መጨረሻ ለሞዛምቢክ ፒና ኤም የተባሉ ፊደሎችን ከዘውድ ጋር በንግሥቲቱ ላይ መቱ። በባሕር ማዶ የመን ደግሞ ኢማም አሕመድ፣ እ.ኤ.አ. ከ1948 እስከ 1962 የገዛው፣ በጠገራው ላይ ሙሉ በሙሉ የራሱን ሪያል አተመበት። በዚህ ሪያል በዓረብኛው ጽሑፍ መካከል የኦስትሪያ ንስር ላባ ወይም የንግሥቲቱ ፀጉር ብቅ የሚልበት ብዙ ነው። በዓረብኛ ሒጃዝ የሚል ትንሽ ማኅተም ያረፈበት ጠገራም አለ፤ ነገር ግን ይህን አስመስለው ለሰብሳቢ ሲሉ የመቱ ሰዎች ስለበዙ አዋቂዎች በጥርጣሬ ያዩታል። ፈላጊ በበዛበት ቦታ ሁሉ አስመሳይ ይከተላል።

በእኛ አገር ይህን ሥራ የሠራው መንግሥት አይደለም፤ አንጥረኛው ነው። መንግሥት በ1937 ዓ.ም. ሐምሌ 16 ቀን አዲሱን የኢትዮጵያ ብር በወረቀት አወጣ። ጠገራው እንዲወጣለትም የብር ሃምሳ ሳንቲም አብሮ አሠራጨ። ጠገራው ከገበያ ሲወጣ የተወሰነው ወደ ባንክ ገባ፤ የቀረው ወደ አንጥረኛ ቤት ሄደ። በእርግጥ ይህ ከዚያም በፊት የነበረ ልማድ ነው። የሚበዛው በወናፍ ቀልጦ አልቦ፣ ጉትቻና ድሪ ሆነ። የተወሰነው ጆሮ ተበይዶለት እንዳለ አንገት ላይ ዋለ። ከሁሉ የሚደንቀኝ ግን ሦስተኛው ዓይነት ነው። አንጥረኛው ብሩን ሳያቀልጥ በመስፍ ላይ አድርጎ ይቆርጠውና በሞረድ እየሳለ የአንገት መስቀል ያደርገዋል። በአንድ ወገን ሐረግ ይቀርጽበታል፤ በሌላው ወገን ግን የንግሥቲቱ ጉንጭ፣ የመጎናጸፊያዋ እጥፋት ወይም የንስሩ ጥፍር እንዳለ ይቀራል። ያንን መስቀል ለሕፃን ያሰረች እናት ከጀርባው ማን እንዳለች አታስብም። የአሜሪካ ሰብሳቢ በአጉሊ መነጽር የሚፈልገው፣ በአንድ ብረት ላይ የተጻፈ ሁለት ታሪክ፣ ይኸው ነው። ልዩነቱ ሁለተኛውን ማኅተም ያሳረፈው ንጉሥም ነጋዴም ሳይሆን ስሙ ያልተጻፈ ባለ እጅ መሆኑ ነው። ያም ሰው በሠራው ጌጥ እየተፈለገ በሙያው ግን ይናቅ ነበር። ይህንንም አብሮ ማስታወስ ይገባል።

በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጦርነቱ ከመነሣቱ በፊት ካርቱም ሁለት በኖርኩበት ጊዜ ሰዎች መምህር መሆኔን ሰምተው እንዲህ ያለ ዕቃ ያሳዩኝ ነበር። የቤት ኪራይ የደረሰባት፣ ልጇ የታመመባት፣ ለመንገድ የጎደላት ሴት ከሁሉ በፊት የምታወጣው ከእናቷ የወረሰችውን ነው። ጌጡ ወደ ኦምዱርማን ገበያ ይሄዳል፤ በግራም ይመዘናል፤ ይከፈላታል። አንጥረኛው በማግሥቱ ሲያቀልጠው ምንም ጥፋት አልሠራም፤ የገዛው ብር ነውና። እርሷም አልበደለችም። ረሀብተኛ ፊት ቆሞ ስለ ቅርስ ማስተማር ነውር ነው። ስለዚህ አትሽጡ አልልም። የምላችሁ ከመሸጣችሁ በፊት እንድታውቁትና እንድትመዘግቡት ነው።

በመጀመሪያ አትታለሉ። 1780 የሚል ቁጥር ስላለበት ብቻ ብሩ ሁለት መቶ ዓመት አልፎታል ማለት አይደለም፤ አብዛኛው በ20ኛው መቶ ዓመት የታተመ ስለሆነ ከብሩ ዋጋ ብዙም አይበልጥም። በዚህ ተስፋ ተሞልቶ ወደ ገበያ የሄደ ሰው ያዝናል። በአንጻሩ በላዩ ሌላ ማኅተም ያረፈበት ወይም ከሥሩ ሌላ ጽሑፍ የሚታይበት ከሆነ በግራም ብቻ አትሽጡት፤ ቢያንስ ሌላ ሰው ይየው። የምኒልክ ብር፣ አላድና መሐለቅም እንዲሁ ነው። ደግሞ ጠርዙን ዳስሱ። እውነተኛው ጠገራ በጠርዙ ፊደል አለው፤ በሸክላ ቅርጽ ፈስሶ የተሠራው አስመሳይ ግን በጠርዙ ዙሪያ የመገጣጠሚያ መሥመር ያሳያል፤ ሲጥሉትም ድምፁ ደንቆሮ ነው። በኮምጣጤም ሆነ በአመድ አትፈትጉት። ጥቁረቱ ቆሻሻ ሳይሆን የዕድሜው ቆዳ ነው፤ ሰብሳቢም የተፈተገውን አይወድም።

ቀጥሎ መዝግቡት። ለዚህ ካሜራ አያስፈልግም። ብሩን ወይም መስቀሉን ጠፍጣፋ ነገር ላይ አኑሩ፤ ስስ ወረቀት ጣል አድርጉበት፤ በአንድ እጅ እንዳይንሸራተት ያዙና እርሳሱን አጋድማችሁ ቀስ ብላችሁ እሹት። ምስሉ ጥቁርና ነጭ ሆኖ ይወጣል። ሁለቱንም ወገን እንዲሁ አድርጉ፤ መስቀል ከሆነ በተለይ ጀርባውን። ከሥሩም ከማን እንደተወረሰ፣ በየት አገር እንደተሠራ፣ አንጥረኛው የት መንደር እንደነበረ፣ ለምን በዓል ይደረግ እንደነበር የምታውቁትን ጻፉ። የሰው ስም መጻፍ የማትፈልጉ «አያቴ»፣ «የባለቤቴ እናት» ማለት ይበቃል። መጻፍ የማይችሉ እናቶች ካሉ ከትምህርት በኋላ ልጆቹ እየዞሩ ይጻፉላቸው፤ ከማስተምረው መጽሐፍ ይልቅ ይህ ታሪክ ያስተምራቸዋል።

የታሹትን ወረቀቶች መጽሔቷን ለሚያዞረው ልጅ ስጡት። ለሚቀጥለው እትም ቢያንስ አሥር ያህል ከደረሱ በእጅ ቀድተን፣ ክብ ክቡን ቆርጠን በገጹ ላይ እንለጥፋለን። ስስ ወረቀት ያጣ የሲጋራ ፓኮ ውስጥ ያለውን መጠቅለያ ይሞክር፤ እርሳስ ከጠፋም ከሰል ይሠራል።

ከካርቱም ሁለት የመጣ አንድ ስደተኛ መምህር